ስም የሌላቸው ብልቃጦች፦ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአገራችን የሚሠሩና ወደ አገራችን የሚገቡ ሰው ሠራሽ ናኖ ቁሶች የደኅንነት መረጃ እንዲመዘገብና ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ሙያዬ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያንነት ነው። ተመራማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ሚዛኑን አስተካክላለሁ፣ ምድጃውን አሞቃለሁ፣ የተጣራ ውኃ አዘጋጃለሁ፤ እነርሱ ሲወጡ የተረፈውን እሰበስባለሁ፣ መጋዘኑን እቆልፋለሁ። ስማችን አንዳንድ ጊዜ በጥናት ጽሑፎች መጨረሻ በምስጋናው መስመር ላይ ይወጣል። የምጽፈው የመጋዘኑን ቁልፍ እንደያዘ ሰው ነው፤ ሙከራው ካለቀ በኋላ ናኖ ቁስ፣ ማለትም ቅንጣቶቹ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቁስ፣ የት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚረሳ በየቀኑ የምናየው እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ነንና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ ሙከራ፣ ክረምት ገብቶ ተማሪዎች ከተበተኑ በኋላ መጋዘን እያጸዳን ነበር። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ወጣ። ውስጡ ትንንሽ ብልቃጦች ሞልተዋል፤ ቆጠርኳቸው፣ 43 ናቸው። አብዛኞቹ ነጭ፣ ጥቂቶቹ ጥቁር፣ ሁለቱ እንደ ሸክላ አፈር የቀላ ዱቄት ይዘዋል። በላያቸው በእስክሪብቶ «ናሙና 3»፣ «ለ2»፣ «500 ዲግሪ»፣ «የመጨረሻ» ተብሎ ተጽፏል። «የመጨረሻ» የሚለው ራሱ በሦስት ብልቃጦች ላይ አለ። አንዱ ነጭ ብልቃጥ ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ተሰበረ። ዱቄቱ እንደ ጢስ ተነሣ። እኔ ማስክ ፍለጋ ዞር ባልኩበት ቅጽበት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን ይዘው ደርሰው መጥረግ ጀመሩ። ከመስኮቱ በገባው የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዱቄቱ ሲንሳፈፍ፣ ወደ ፊታቸው ሲወጣ አየሁት።

«እትዬ፣ ይተዉት!» አልኳቸው።

ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህ ነገር ይጎዳል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ዱቄት በደረቅ መጥረጊያ እንደማይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁም ለብቻው እንደሚታሸግ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ብልቃጦቹን የሠራችውን ተመራቂ ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። ቅን ልጅ ናት፤ ልትረዳኝ የተቻላትን ሁሉ ሞከረች። «ነጩ ዚንክ ኦክሳይድ ይመስለኛል፤ ወይም ደግሞ ከታይታኒየም ጋር የደባለቅሁት» አለችኝ። የቅንጣቶቹ መጠንና ቅርጽ፣ በምን እንደተሸፈኑ፣ ሁሉም የተመዘገበው ላፕቶፗ ላይ ነበር፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የመመረቂያ ጽሑፏን አነበብኩ። ዱቄቱ ባክቴሪያ የመግደል ብቃቱ በብዙ ገጾች ተተንትኗል። ስለ ሰው ደኅንነት ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዱቄቱ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ስለተሠራ ለአካባቢ ተስማሚ እንደሆነ ይናገራል። ቅጠሉ የሚነግረን ግን ስለ አሠራሩ ነው። የተሠራው ቅንጣት ሳንባ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ከቅጠሉ ማወቅ አይቻልም።

በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ የዚንክ ኦክሳይድ የደኅንነት መረጃ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ዓለም አቀፉ ሥርዓት እንደሚያዘው 16 ክፍል ያለው የተሟላ ወረቀት ነው። የሚናገረው ግን ስለ ተራው ዱቄት ነው። ይህ ለምን እንደማይበቃ ለማስረዳት ከቡና ልነሣ። የተቆላ ቡና ሳይወቀጥ ጀበና ውስጥ ተጨምሮ ቢፈላ ውኃው ትንሽ ይጠቁራል እንጂ ለእንግዳ የሚቀርብ ቡና አይወጣውም። ያንኑ ፍሬ ወቅጠን ስንጨምረው ወዲያው ይወጣል። ፍሬው ያው ነው፤ የተለወጠው ውኃ የሚነካው ገጽ ብዛት ነው። ናኖ ማለት ውቀጣው እስከ ጥግ ሲደርስ ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ስድስት ገጾቹ ተደምረው 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ያንኑ ኪዩብ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር በሆኑ ኪዩቦች ብንከፋፍለው ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ በከተማችን ሦስት አራት የቤት መሥሪያ ቦታ ማለት ነው፣ ከአንዲት እንክብል በማትበልጥ ነገር ላይ። 1 ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው፤ በተለምዶ ናኖ የሚባለው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ያለው ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይደርሳል።

ይህ የገጽ ብዛት በሰው ጤና ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳዩ ቁጥሮች አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ለታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝ ሁለት የተለያዩ ጣሪያዎችን አስቀመጠ፦ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ለደቃቁ ዱቄት በሜትር ኪዩብ 2.4 ሚሊ ግራም፣ ናኖ መጠን ላለው ደግሞ 0.3 ሚሊ ግራም። የኬሚካል ቀመሩ አንድ ነው፤ የሚመከረው መጠን ግን ስምንት ጊዜ አንሷል። ከዚህም የሚገርመኝ የካርቦን ናኖ ቱቦ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን የተወሰነ ዓይነት፣ ረጅምና ጠጣር የሆነውን፣ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ከሚባሉት ምድብ ሲያስገባው፣ ሌሎቹን የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በቂ ማስረጃ ስለሌለ ሳይመድባቸው ተዋቸው። ስማቸው አንድ ነው፣ ንጥረ ነገራቸው አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ተለያየ።

እንግዲህ «ዚንክ ኦክሳይድ» ብሎ ብቻ የደኅንነት መረጃ መስጠት፣ በአዳማ መናኸሪያ መካከል ቆሞ የአባት ስም ሳይጨምሩ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። የናኖ ቁስ ሙሉ ስም መጠኑ፣ ቅርጹ፣ ገጹ የተሸፈነበት ነገር፣ ክሪስታሉ፣ ንጽሕናው፣ የተሠራበት ዘዴና ቀን ነው። ሙከራው የተካሄደበት ሁኔታም አብሮ መጻፍ አለበት። ውኃ ውስጥ ሲገባ ተበታትኖ ቀረ ወይስ ተጓጉሎ ወደ ታች ወረደ? መጠኑ የተለካው በክብደት ነው ወይስ በቅንጣት ቁጥር? መለኪያው ራሱ ያሳስታል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ የዘበት አይደለም። ሴሎች መሞታቸውን በቀለም ለውጥ የሚያሳየው በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራበት ምርመራ ከካርቦን ናኖ ቱቦ ጋር ሲሆን፣ ቱቦው ቀለሙን ራሱ እየያዘ ያልሞተውን ሴል የሞተ እንደሚያስመስል ታውቋል። ይህ ሁሉ አብሮት ያልተጻፈ «ጉዳት የለውም» የሚል ውጤት ለማንም አይጠቅምም። «ይጎዳል» የሚለውም እንዲሁ።

ጉዳዩ አዳማን ለምን እንደሚመለከት ልንገራችሁ። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የዚህ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ሲመክር፣ በብዙ ጉድጓዶቻችን ከዚያ በላይ ይገኛል። በወንጂና በአካባቢው ለብዙ ዓመታት የጉድጓድ ውኃ በጠጡ ሰዎች ላይ የታየው የአጥንት ፍሎሮሲስ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አጎቴ ያደገው በሸለቆው ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። ጥርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ቡናማ ነበር። በአምሳዎቹ ዕድሜው አንገቱን ማዞር አቃተው፤ ሰው ከጎኑ ሲጠራው መላ ሰውነቱን ይዞ ነበር የሚዞረው። እኛ ልጆች ኩራት ይመስለን ነበር። ውኃው እንደሆነ የሰማሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፣ ከመጽሐፍ።

ለዚህ ነው በናኖ ቁስ ላይ ተስፋ የማደርገው፤ ደብዳቤዬን የሚያነብ ሰው የናኖ ጠላት አድርጎ እንዳይቆጥረኝ እለምናለሁ። ፍሎራይድን ከውኃ ለመሳብ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ የብረት ኦክሳይድና አጥንት ከተሠራበት ማዕድን ጋር የሚመሳሰለው ሃይድሮክሲአፓታይት በናኖ መጠን እየተሠሩ በዓለም ዙሪያም በአገራችንም ይጠናሉ። የገጻቸው ስፋት የበረከታቸው ምንጭ ነው፤ በጥቂት ዱቄት ብዙ ፍሎራይድ ይያዛል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ወደ አጎቴ ቀበሌ ሲሄድ ማየት እፈልጋለሁ። ግን ከማጣሪያው ጋር አብሮ የሚሄድ ወረቀት ይኖራል ወይ? ዱቄቱ ወደሚጠጣው ውኃ ይፈስሳል ወይስ አይፈስስም? ስድስት ወር አገልግሎ ሲጠግብ፣ ያ ፍሎራይድ የጠገበ ዱቄት የት ይጣላል? ጓሮ ከተደፋ ዝናቡ ወዴት ይወስደዋል?

ወዴት እንደሚወስደው እኮ እናውቃለን። አዳማ የምትጠጣው አዋሽን ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ከቆቃ ወርዶ፣ ከተሞችና የሸንኮራ እርሻዎችን አልፎ፣ አፋር በረሃ ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አዋሽ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ባሕር አይወጣም። ከእኛ በታች የሚጠጡት ሰዎች ስለዚያ ዱቄት የማወቅ መብታቸው ከእኛ አያንስም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። ይህን ሁሉ የሚመልስ መረጃ የለንም ብዬ አላምንም። ከፊሉ ተለክቷል። በየዓመቱ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ናኖ ቅንጣት የሚሠሩ ተማሪዎች ይመረቃሉ። ናሙናቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዲታይ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል፣ ወራት ይጠበቅበታል። ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል። የሚመጣው ለአንድ ሰው ነው፤ እዚያው ኢሜይል ውስጥ ይቀራል። ከአሥር ፎቶዎች መካከል አንዱ፣ ከሁሉ የሚያምረው፣ በጽሑፉ ላይ ይወጣል። ቅንጣቶቹ ተጓጉለው የታዩባቸው ዘጠኙ ግን ለደኅንነት የሚያስፈልጉት ናቸው፤ ያምራል የተባለው ፎቶ ስለ አንድ ዕድለኛ ጠብታ ብቻ ነው የሚናገረው።

ከዚህ የባሰው «ውጤት አልሰጠም» ተብሎ የሚጣለው ነው። ዓሣ ላይ ተሞክሮ ምንም ያልታየበት፣ ወይም ዓሣው ያልተጠበቀ ሞት የሞተበት ሙከራ ጽሑፍ አይሆንም። ማስታወሻ ደብተሩ ከተማሪው ጋር ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ሙከራ ከዜሮ ይጀምራል፤ እኔም ያንኑ ኬሚካል እንደገና እመዝንለታለሁ። አንድ ዓይነት ስሕተት በሦስት የተለያዩ ተማሪዎች እጅ ሲደገም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሦስቱም ጎበዞች ነበሩ፣ ሦስቱም ሌሎቹ እንዳለፉበት አያውቁም ነበር።

ሌላው ዓለም በዚህ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የናኖ ቁሶችን ደኅንነት የሚከታተል የሥራ ቡድን አቋቁሞ አገሮች የሙከራውን ሥራ ተከፋፍለው እንዲሠሩ አድርጓል። በጣሊያን ኢስፕራ የሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ምርምር ማዕከል አንድ ዓይነት ናሙናዎችን በክምችት ይዞ ለቤተ ሙከራዎች ሲያድል ቆይቷል፤ አንዱ በጀርመን ሌላው በኮሪያ የሞከረው ከአንድ ክምችት የወጣ ዱቄት እንዲሆን። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓመት ከ100 ግራም ጀምሮ ናኖ ቁስ የሚያመርት፣ የሚያስገባ ወይም የሚያከፋፍል ሁሉ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዳለች። 100 ግራም! የአንድ ትልቅ ሲኒ ስኳር ያህል ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የአንድን ንጥረ ነገር ናኖ መልኮች ለይቶ መግለጽን ግዴታ አድርጓል።

እነርሱም በዚህ ላይ የደረሱት ተደናቅፈው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 በጀርመን «ማጂክ ናኖ» የሚል ስም የተለጠፈበት የመታጠቢያ ቤት ገጽ መቀቢያ ርጭት ተሸጠ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች የመተንፈስ ችግር ገጠማቸው። ምርቱ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ዓለም ስለ ናኖ አደጋ ተነጋገረ። ኋላ ሲመረመር ርጭቱ ውስጥ ናኖ ቅንጣት አልተገኘም። ሰዎቹ ታመው ነበር፤ ያሳመማቸው ግን በስሙ የተከሰሰው አልነበረም። በውስጡ ምን እንዳለ ከመጀመሪያው የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ሐኪሞቹ ለሳምንታት አይደናበሩም ነበር። ይህን የማነሣው በከተማችን የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ «ናኖ» የተባሉ ርጭቶችና ቅባቶች ተደርድረው ስለማይ ነው። አንዱን ሻጭ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «ምርጥ ማለት ነው» አለኝ። አልቀየምኩትም። ጣሳው ላይ የሚነግረው አንድም ቃል የለም።

የታይታኒየም ዳይኦክሳይድም ታሪክ ያስተምራል። ማስቲካና ከረሜላ የሚያነጣውን፣ በኢ171 ቁጥር የሚታወቀውን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 በዘረ መል ላይ ጉዳት አያደርስም ብሎ ማረጋገጥ እንዳልተቻለ ገለጸ፤ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ከምግብ ውስጥ ታገደ። የካናዳና የብሪታንያ ባለሙያዎች የተገኘውን ማስረጃ አይተው እዚያ መደምደሚያ ላይ አልደረሱም፤ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ በአንዳንዶቹ ጥናቶች የተሞከረው ቁስ ምግብ ውስጥ የሚገባውን አይወክልም የሚል ነበር። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አልፈርድም። የሚያስቀናኝ መከራከር መቻላቸው ነው። መረጃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የየትኛው ዱቄት እንደሆነ ተጽፎ ነበር። እኛ በዚያ ክርክር ውስጥ የምናቀርበው ምንድን ነው? «ናሙና 3» የተባለ ብልቃጥ?

ልምዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘር ማቆያ ስታቋቁም ከእያንዳንዱ ዘር ጋር መታወቂያው አብሮ እንዲቀመጥ አድርጋለች፦ ከየት መንደር እንደተሰበሰበ፣ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደበቀለ፣ መቼ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ። ባለሙያዎቹ የዘሩ ፓስፖርት ይሉታል። ፓስፖርት የሌለው ጤፍ እህል ነው፣ ይበላል፤ የምርምር ሀብት ግን መሆን አይችልም። ያንን ጥንቃቄ ለጤፍና ለገብስ ያወቀ አገር፣ በሳንባ ውስጥ ሊቀመጥ ለሚችል ዱቄት ማድረግ አያቅተውም።

የምጠይቃችሁ እነሆ። በአገራችን ውስጥ ናኖ ቁስ የሚሠራም ሆነ ከውጭ የሚያስገባ፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ነጋዴ፣ መጠኑን፣ መልኩን፣ የሚውልበትንና የሚወገድበትን የሚገልጽ አንድ ቅጽ ለባለሥልጣኑ እንዲልክ አድርጉ። የፈረንሳይን 100 ግራም መነሻ አድርጋችሁ ብትጀምሩ ቅር አይለኝም፤ ምናልባት ለምርምር ቤተ ሙከራዎች ከዚያም በታች ያለው ይመዝገብ፣ አብዛኛው ሥራችን ከ100 ግራም በታች ነውና። ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆናችሁም ከናኖ ቁስ ጋር የተያያዘ የመመረቂያ ሥራ ጥሬ መረጃው ሳይገባ እንዳይጸድቅ አድርጉ፤ በብልቃጡ ላይ ያለው መለያ ቁጥር በመረጃው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ ያልተሳካውም ሙከራ ይግባ። ማስገቢያው አለ፦ የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ጽሑፎች በብሔራዊው ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ተወስኗል። የቀረው የናኖ ደኅንነት መረጃ የሚሞላበት ወጥ ቅጽ ነው። ቅጹንም ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም፤ በአውሮፓ ኢናኖማፐር የተባለው ፕሮጀክት ያዘጋጀው የመረጃ ቋት ክፍት ነው፣ ስያሜዎቹን ከዚያ ብንወስድ የእኛ መረጃ ከሌላው ዓለም ጋር ይናበባል። መረጃ ተፈልጎ የሚገኝ፣ የሚከፈት፣ ከሌላ ጋር የሚገጥምና ደግሞ የሚያገለግል ይሁን የሚለው መርሕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዓለም የታወቀ ነው።

ሥልጣን የለንም እንዳትሉኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብትን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው ስለሥራው አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። በዚያ ቀን በሕጉ መሠረት እትዬ መልስ ሊያገኙ ይገባቸው ነበር።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከተማሪዎችና ከመምህራን ሲሰማ የኖረውና በእውነት የሚያሳስበኝ፣ «መረጃዬን ከማሳተሜ በፊት ከከፈትሁት ሌላ ይወስደዋል» የሚለው ነው። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ በውጭ አገር መሣሪያ ያለው ሰው በወር የሚጨርሰውን እኛ በዓመት ነው የምንሠራው። ስለዚህ መረጃው ወዲያው ይግባ፣ ለሕዝብ የሚከፈተው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ አይዘግይ፦ ጉዳት የሚያሳይ ውጤት። እርሱ በገባበት ቀን ይከፈት። የንግድ ምስጢር ለሚሉት ደግሞ፣ ቁሱ እንዴት እንደሚሠራ ምስጢር ሆኖ ይቆይ፤ ሲተነፍሱት ምን እንደሚያደርግ ግን የተነፈሰው ሰው ነው የሚመለከተው። ገንዘብ የለም ለሚለው ብዙ አልልም። ለአንድ ናሙና ፎቶ በውጭ ምንዛሪ ከፍለን ፋይሉን የምናጣ ሰዎች ስለ ብክነት መናገር ያለብን ከሌላ ወገን ነው።

ቋንቋውንም አደራ። የደኅንነት ወረቀቶች ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። እኔ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነባቸዋለሁ። እትዬ የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ ነው፤ አብሯቸው የሚሠራው ወጣት አማርኛ። ዝርዝሩ ለባለሙያ በእንግሊዝኛ ይቀመጥ፤ ከላዩ ላይ ግን አንድ ገጽ፣ ምን እንደሆነ፣ ቢደፋ በምን እንደሚጠረግ፣ ዓይን ቢገባ ምን እንደሚደረግ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በየአካባቢው የሥራ ቋንቋ ይጻፍ። ባለሥልጣኑ ይህን አንድ ገጽ ለማዘጋጀት ሰው ቢያጣ፣ እኔና የማውቃቸው ቴክኒሺያኖች ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። ለራሳችን መጋዘን የምንሞላውን የብልቃጥ ቅጽም አብሬ ልልክላችሁ እችላለሁ፤ 14 ጥያቄ ያለው አንድ ወረቀት ነው፣ ለመሙላት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከጀመርነው ወዲህ ባለቤቱ የማይታወቅ ብልቃጥ ወደ መደርደሪያችን አልገባም።

የቀደሙት ግን አሁንም አሉ። የተሰበረው ወጥቶ 42 ብልቃጦች በድርብ ፕላስቲክ ታሽገው፣ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። እንዲወገዱ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ሁለት ጊዜም የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ ለማስወገድ በመጀመሪያ ምን እንደሆኑ ይገለጽ።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዳማ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት
ከአዋሽ ውኃ ለሚጠጡ ሁሉ